ከጓሳ የወሰድነው

ተጓዥ ይሄዳል፣ አይቶ ይመለሳል። ተመራማሪ ይሄዳል፣ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል። ጸሐፊ ደግሞ የታየውንና የተቆጠረውን ላላየው ያደርሳል። እነዚህ ሦስት ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ ባሰብሁ ቁጥር በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው የመንዝ ጓሳ ነው።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ የውርጭ አገር ነው። ስሙን የወረሰው ከሚያበቅለው ሣር ነው። ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሲግጥበት ይውላል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም የማይገኘውና ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ ወደ 500 ገደማ ብቻ የሆነው ቀይ ቀበሮም ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ሜዳ ላይ የታየ ድንቅ ነገር አስነብቦናል። ቀበሮው ለብቻው ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25ቱ ነው፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን እንዳላየ ያልፋል። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ጄፍሪ ከርቢ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪም ፎቶግራፍ አንሺም ነው፤ ያነሣቸው የጭላዳ ፎቶግራፎች በ2017 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጥተው ዓለም አይቷቸዋል። ሌላው ጸሐፊ፣ የአገራችን ልጅ ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ፣ ቀደም ብሎ በ2001 የዶክትሬት ጥናቱን በዚሁ በጓሳ ላይ የሠራ ነው።

ነገር ግን ሣሩ ባይኖር አይጡም ቀበሮውም አይኖሩም፤ ሣሩን ደግሞ ያቆየው ሕዝቡ ነው። የአስቦና የጌራ አባቶች፣ «ቄሮ» በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓታቸው፣ አለቃ መርጠው ጓሳን ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያህል ይዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስም ተስማምተው ይከፍቱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ቢፈርስም፣ ኋላ ነዋሪው በራሱ ኮሚቴ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በሙያዬ ቋንቋ ተረዳሁት፤ ዋናውን ሳይነኩ ወለዱን መብላት ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደዚያ ተጓዝሁ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አብረውን የወጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ፣ ካሜራ አንግበው የሚያልፉትን እንግዶች እያዩ፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሰው ቀበሮውን አንሥቶ ሲሄድ ምን እንዳገኘበት ለምን አይነግረንም?» አሉኝ። እኔም፣ «አባቴ፣ እኔ ያነበብሁትን ልንገርዎ» ብዬ የ25ቱንና የ67ቱን ነገር አጫወትኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ከጭላዳው ጋር መዋሉንማ እናውቃለን፤ ስንት ጊዜ እንደሚቀናው ግን አልቆጠርንለትም» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ የራሱ ሀብት ተቆጥሮ የተነገረው ሰው ደስታ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ጨርሷል። በሽታው ወደ ቀበሮው የሚሻገረው ከውሻ ነው። በ2018 ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ በአፍ የሚወሰድ ክትባት መስጠት ተጀምሯል፤ ይሁን እንጂ ውሻውን አስሮ የሚያስከትበው፣ አለዚያም የሚተወው፣ የውሻው ጌታ ነው። ውሻውና ቀበሮው በአንድ በሽታ መተሳሰራቸውን ለእርሱ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ በአፍ መፍቻው የነገረው ከሌለ፣ በውጭ አገር መጽሔት የወጣው ውብ ፎቶግራፍ የቀበሮው የመጨረሻ መታሰቢያ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ ተራራ መውጣቱም፣ መመራመሩም፣ ለሩቅ አገር ሰው መተረኩም መልካም ነው እላለሁ። የጎደለው የመልሱ መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው መጥቶ ሒሳቤን አሳዩኝ ቢል፣ ደብተሩ ይገለጥለታል እንጂ «ለሌላ ሰው ነግረናል» አይባልም። የጓሳ ሰው ደግሞ አስቀማጩ ነው።

ከተመለስሁ በኋላ የዚያን ጥናት ፍሬ ነገር በአማርኛ አሳጥሬ ጻፍሁና በአስጐብኚያችን እጅ ላክሁላቸው። ሽማግሌው ባያነቡት የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። አንድ ገጽ ብቻ ነው።