ኤቢሲዲ ሳስተምር ሀ ሁን ረሳሁት

እህቶቼ፣ በዚህ መጽሔት ብዙዎቻችሁ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ማዳምና ስለ ናፍቆት ጽፋችኋል። እኔ ደግሞ ስለ እሑዶቼ ልንገራችሁ። የምጽፈው ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ስለተሳሳትኩት ነገር ነው። አንዳችሁ እንኳን ብትማሩበት ይበቃኛል።

የምሠራው ሙሀይስና 4 ውስጥ ቪላ ቤት ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሉሉ ቪሌጅ ያለበት ነው። ጠዋት ጠዋት ቢጫዎቹ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መንገዱን ይሞሉታል። በወዲያኛው በኩል ሙሀይስና 2 አለ፣ ሠራተኛው ሶናፑር የሚለው። በሕንድኛ የወርቅ አገር ማለት ነው። ወርቁን ፍለጋ በየክፍሉ ተደራርበው የሚያድሩትን ወንድሞቻችንን ያየ ሰው ግን ስሙን ማን እንዳወጣው ይገርመዋል።

አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ደሴ መምህራን ኮሌጅ እንግሊዝኛ ተምሬ፣ ወሎ ገጠር ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ደመወዙ ከእኔ አልፎ ለእናቴ አልደርስ ሲል ጠመኔውን አስቀምጬ መጣሁ። እዚህ ስሜ "ነኒ" ሆነ።

ዕረፍቴ እሑድ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት ይሰጠናል። በቀንም 12 ሰዓት ዕረፍት አለን፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። እሑድ እሑድ ታዲያ የአገሬ ልጆች በጋራ ወደተከራዩት ቤት እሄድ ነበር። ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይወራል። ከአልጋዎቹ መሐል አራት ልጆች ይሯሯጣሉ። ሁሉም ለትምህርት ደርሰዋል፣ አንዳቸውም ግን አይማሩም። እናቶቻቸው ከአሠሪ ቤት ጠፍተው የወጡ ወይም ቪዛቸው የተቃጠለ ናቸው። ትምህርት ቤት ደግሞ የልደት ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ቪዛና የኤሚሬትስ መታወቂያ ይጠይቃል። አውቶቡሱ በመስኮታቸው ሥር እያለፈ ልጆቹ ቁጥሩን ይቆጥራሉ።

አንድ ቀን ትልቋ፣ የሰባት ዓመቷ፣ የሉሉን የቅናሽ ወረቀት ይዛ መጣችና "ይኼ ምን ይላል?" አለችኝ። "አፕል ይላል" አልኳት። እሱ ነው መጀመሪያው።

አገራችን ውስጥ "የበጎ ፈቃድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ" ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፈረንጅ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አስተማሪዎች ኢትዮጵያ ገብተው በየሁለተኛ ደረጃው አስተምረዋል። ዛሬም በስም የሚያነሷቸው ሽማግሌዎች አሉ። እነሱ ባሕር ተሻግረው ያስተምራሉ፣ እኛ ባሕር ተሻግረን እናጸዳለን፤ ነገሩ እንዲህ የተደለደለ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አራቱ ልጆች "ቲቸር" ብለው ሲጠሩኝ ልቤ ምን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሳጥብ "እሑድ ቲቸር ነኝ" እያልኩ ነበር የማጥበው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ። ዱባይ ውስጥ የበጎ ፈቃድ ሥራ የራሱ ሕግና ምዝገባ አለው፤ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብም ያስቀጣል። እኔ ክፍል አልከፈትኩም፣ አንድ ድርሃምም አልሰበሰብኩም። አክስት የእህቷን ልጆች እንደምታስጠና ነበር የማስጠናቸው።

መጽሐፋችን የሉሉ ወረቀት ነበር። ሥዕል አለው፣ ስም አለው፣ ዋጋ አለው፤ ቃሉንም ቁጥሩንም ከእሱ ተማሩ። ከሠፈር ልጆች አረብኛ ስለለመዱ "ፓርክ"ን "ባርክ" ይሉት ነበር። ወረቀት አፋቸው ፊት ይዘው "ፐ" ሲሉ እንዲርገበገብ እያደረግን አስተካከልነው። በስምንት ወር ትልቋ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ታነብ ጀመር። እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ አንብቢላቸው" ትላታለች። እኔም ኮራሁ።

ከዚያ ምሕረቱ መጣ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቪዛው ያለፈበት ሰው ቅጣት ሳይከፍል፣ ተመልሶ የመግባት እገዳም ሳይጣልበት፣ ወረቀቱን እንዲያስተካክል ወይም አገሩ እንዲገባ ተፈቀደ። እዚህ ተወልደው ወረቀት የሌላቸው ልጆችም ይገቡበት ነበር። መጀመሪያ ለሁለት ወር ነበር፤ በኋላ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዘመ።

የትልቋ እናት አልተንቀሳቀሰችም። "ልጄ አንቺ ጋ እየተማረች ነው፤ ምን አስቸኮለኝ?" አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ዝም አልኩ። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ ስድስት እሑድ። ከሄዱ ማን ቲቸር ይለኛል? እህቶቼ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እንዲህ ነበር። ልጆቹ እኔን የሚፈልጉኝን ያህል እኔም እነሱን እፈልጋቸው ነበር።

በኦክቶበር መጨረሻ "ማይ ስኩል" ብላችሁ ሥዕል ሥሩ አልኳቸው። ትልቋ ተደራራቢውን አልጋ፣ የቡናውን ጀበናና እኔን ሣለች። "ትምህርት ቤቴ ይኼ አይደል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። የዚያን ዕለት ማታ እናቷን ለብቻዋ ጠርቼ፣ "እኔ ትምህርት ቤት አይደለሁም። የእኔ እሑድ ለልጅሽ ወረቀት አይሆናትም፤ ጊዜው ሳያልፍ ሂጂ" አልኳት። ተቆጣች። "አባት የሌላት ልጅ አዝዬ ምን ብዬ ነው እናቴ ደጃፍ የምቆመው?" ብላ አለቀሰች። ሁለት እሑድ አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ራሷ ደወለች። ከቆንስላ ለልጅቷ ሊሴ ፓሴ አውጥታ፣ አል አዊር ድንኳኑ ውስጥ ተሰልፋ ጨረሰች። በዲሴምበር ወሎ ገቡ። እናቷም ደጃፍ ላይ አላቆሟትም፤ ልጅቷን ከእጇ ተቀብለው አስገቧት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ ይል ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የልጅቷ ድምፅ በዋትሳፕ ደረሰኝ። "ቲቸር፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ማንበብ አልቻልኩም። ልጆቹ 'አረቧ' ይሉኛል። ለምን ሀ ሁ አላስተማርሽኝም?" ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ፊደል ስለማትለይ ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር አስቀምጠዋታል። ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ብቻ ነው። በአፏ አማርኛ ትናገራለች፣ ፊደሉን ግን አታውቀውም። እኔ ደግሞ የተመረቅኩ አስተማሪ ነኝ፤ አማርኛዬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ለስምንት ወር "አፕል" አስተማርኳት። ለምን? እንግሊዝኛ እዚህ አገር ስለሚያስከብር። እኔንም ስላስከበረኝ።

ለእናቴ ደውዬ አጫወትኳት። እናቴ መጻፍ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የሸለመው፣ እየሰፋ ሄዶም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተሰጠው። "እኔን ያስተማረኝ ዘማች ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው" አለችኝ። "መጀመሪያ ያስጻፈኝ ስሜን ነው። ከዚያ ወዲህ በጣቴ ፈርሜ አላውቅም። አንቺስ ልጅቷን ስሟን አስጽፈሻታል?" አስጽፌያታለሁ፣ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ።

አሁን ሦስት ልጆች ቀርተውኛል። የመጀመሪያው ሰዓት ፊደል ነው፣ ሁለተኛው እንግሊዝኛ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ደብተር ከመክፈቴ በፊት እናቱን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የልጁ ወረቀት የት ደረሰ? ነገ የሚማረው የት አገር ነው? የአንዷ ልጅ እናት ኦሮሞ ናት፤ ቁቤ የምታውቅ እህት ፈልጌ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣላቸዋለች። ለትልቋ ደግሞ ማታ ማታ በድምፅ አስጠናታለሁ፤ እሷ የጻፈችውን ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ እኔ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ አርማለሁ። ባለፈው "ጸ" እና "ፀ" ለምን ሁለት እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ በደንብ ለማስረዳት እኔም አጥንቻለሁ።

የዕረፍት ቀን ያላችሁና አጠገባችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያለ፣ ለማስተማር ዲግሪ አይጠይቃችሁም። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ካላችሁ ግን፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መሐል አንድ የፊደል ገበታ እንዲያስገባላችሁ ንገሩት። ኪሎ አይሞላም።