ኢሜይሉ «ጠይቀሃል» ይበል ወይስ «ጠይቀሻል»?

ሰሞኑን ተማሪዎቻችን ጥያቄ የሚለማመዱበት ትንሽ ዌብሳይት በጃንጎ እየሠራሁ ነው። ጃንጎ በፓይተን ዌብሳይት ለመሥራት የሚያገለግል ነፃ መሣሪያ ነው (ስሙ ከፊልሙ ሳይሆን ከጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ሬይንሃርት የመጣ ነው፤ ክፍል ውስጥ ስለምትጠይቁኝ ቀድሜ ልመልስ ብዬ ነው)። ጥያቄዎቹን መጫን ቀላል ነበር። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሰርቨሩ በራሱ የሚልካቸው ኢሜይሎች ናቸው። አካውንት ሲከፈት አንድ፣ ፓስወርድ ሲረሳ ሌላ።

አሠራሩ እንደ ሰርግ መጥሪያ ካርድ ነው። ጽሑፉ አንዴ ይታተማል፣ «ለ» ከሚለው በኋላ ያለው ቦታ ክፍት ይተዋል፣ ከዚያ የየሰው ስም ይሞላል። እዚህ ስሙንና ሊንኩን የሚሞላው ሰርቨሩ ነው። ከጃንጎ ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለሁሉም ይሠራል፤ እንግሊዝኛ ለወንዱም ለሴቷም ለሽማግሌውም አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። አማርኛ ላይ ስትደርሱ ግን የመጀመሪያውን ግስ ሳትጽፉ ሰውየው ማን እንደሆነ መወሰን አለባችሁ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ‹ጠይቀሃል› ብለህ እለፈው» ያለኝ ጓደኛ አለ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ለነፃ ሥልጠና በኢንተርኔት ተመዝግባ ነበር። ማረጋገጫው ኢሜይል «ተመዝግበሃል፣ ሊንኩን ተጫን» ይላል። የሌላ ሰው መስሏት፣ ደግሞም ቴሌግራም ላይ የማጭበርበሪያ ሊንክ ስለሰለቻት፣ አልነካችውም። ስታሳየኝ የሊንኩ ጊዜ አልፎ ነበር፣ ምዝገባውም ተዘግቷል። «ቲቸር፣ ወንድ አደረጉኝ'ኮ» ብላ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም።

ለሁሉም «እርስዎ» ማለት ይቻላል። ጨዋነት አለው፣ ግን የ9ኛ ክፍል ልጅ «ፓስወርድዎን ይቀይሩ» ሲባል ባንክ የጻፈለት ነው የሚመስለው። «የፓስወርድ ለውጥ ጥያቄ ቀርቧል» ብሎ ሰውን ጨርሶ መሸሽም አለ፤ እሱ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይሸታል። የክፍል ስም ዝርዝራችን ላይ ፆታ እንደሆነ ድሮም አለ። እሱን ከአካውንቱ ጋር አያይዤ ጽሑፉ ውስጥ «ሴት ከሆነች ይህን፣ ወንድ ከሆነ ያንን» የሚል ሁኔታ አስገባሁበት። ለመምህራንና ለወላጆች «እርስዎ» ነው። የልጆቹ እንዲህ ይነበባል፦

«ሰላም (ስም)፣ የመለማመጃ አካውንትሽን ፓስወርድ ለመቀየር ጠይቀሻል። ከታች ያለውን ሊንክ በ3 ቀን ውስጥ ተጫኚ። ካልጠየቅሽ ግን ምንም አታድርጊ፤ ፓስወርድሽ አልተቀየረም።»

ስሙ ላይም ጉድ አለ። ጃንጎ የተጠቃሚን ስም በሁለት ይከፍላል፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ። የፈረንጅ ቴምፕሌቶች «ውድ አቶ» ብለው የመጨረሻውን ይጠራሉ። በኛ አገር እንዲህ ከተደረገ ልጁን ትቶ አባቱን መጥራት ነው። አባታቸው በሕይወት የሌሉ ልጆች አሉን'ኮ! «ውድ አቶ እገሌ» የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ቤት ሲደርሳቸው አስቡት። ስለዚህ በራሳቸው ስም ብቻ።

ሰዓትም አልጻፍኩም። ሊንኩ ካልተቀየረ በስተቀር ለ3 ቀን ይሠራል። «እስከ 9:00» ብዬ ብጽፍ ሰርቨሩ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ተማሪው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። 6 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣና «አይሠራም» ይለኛል።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ኢሜይሉ ወደ ሰው ሳይሄድ ተርሚናል ላይ እንዲታተም አድርጋችሁ አንብቡት። የሳይቶች ሰንጠረዡን የምትጠቀሙ ከሆነ የዌብሳይቱ አድራሻ «ኤግዛምፕል ዶት ኮም» ተብሎ ነው የሚመጣው፤ በራሳችሁ አድራሻ ካልቀየራችሁት ሊንኩ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ለተማሪዎቼ ደግሞ፦ ያልተመዘገበ ኢሜይል ብታስገቡም ገጹ «ልከናል» ነው የሚላችሁ። ሆን ተብሎ ነው፤ ማን አካውንት እንዳለው የውጭ ሰው እንዳያጣራ። ሞባይል ቤት ኢሜይል ያስከፈታችሁና አድራሻውን የማታውቁት (ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ) ኢሜይል አትጠብቁ፣ በእረፍት ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ኑና እናስተካክለዋለን።

የአማርኛው ጽሑፍ የሚፈልግ መምህር ካለ ኢንቦክስ ይበለኝ፣ እልካለሁ። የአፋን ኦሮሞውንም ጀምሬዋለሁ፤ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ ግማሹ ጣጣ የለም። ግን አክብሮቱ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ለወላጆች የሚሄደውን አንብቦ የሚያርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።