ሮማ በቀንና በሌሊት

እንግዳ ወደ ሰው አገር ሲሄድ ሁለት ጓዝ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ በእጁ ያንጠለጠለው ነው፥ ሁለተኛው በልቡ የቋጠረው ነው። የእጁን ጓዝ በኬላ ላይ ይፈትሹለታል፤ የልቡን ግን ራሱ ካልፈተሸው በቀር ማንም አይፈትሽለትም። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር በሮማ ከተማ ሰባት ቀን በተቀመጥሁ ጊዜ ይህን ነገር ዘግይቼ ስለ ተማርሁት፥ ጥቂት ልጽፍ አሰብሁ። ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወደ ሮማ የጠራኝ በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ተወልዶ ያደገው የ24 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ነው። «አጎቴ፥ እርስዎ ከአዲስ አበባ ይምጡ፥ እኔም ከዚህ እመጣለሁ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ግን እግሬ ከብዶኝ ነበር። አባቴ በ1937 በየካቲት ወር በአዲስ አበባ ሦስት ቀን የተፈጸመውን ፍጅት በልጅነቱ ያየ ሰው ነበረና፥ የሮማ ስም በቤታችን በመልካም አይነሣም ነበር። ቢሆንም ልጁን ካየሁት ብዙ ዓመት ስለ ሆነኝ ናፍቆቱ አሸነፈኝና ሄድሁ።

ቀን ቀን ከተማውን ስንጎበኝ እንውላለን። የወንድሜ ልጅ የሚታዩትን ቦታዎች በስልኩ ላይ በተራ ጽፎ ይዞ ነበርና፥ አንዱን አይቶ ሲጨርስ ከዝርዝሩ እየሰረዘ ወደሚቀጥለው ይቸኩላል። ንጉሠ ነገሥት ቲቶ በ80 ዓመተ ምሕረት የመረቀውን ኮሎሴዎ የሚባለውን ታላቅ የትርኢት ቦታ አየን። ከዚያም አጠገብ ባለው በቲቶ የድል በር ላይ፥ ኢየሩሳሌም በ70 ዓመተ ምሕረት ስትፈርስ ከቤተ መቅደስ የተማረከው ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ በሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ሲሄድ ተቀርጾ ይታያል። እኔ ከዚያ ቅርጽ ፊት መለየት አቅቶኝ ስቆም፥ እርሱ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ቀድሞኝ ሄደ።

ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ያሠራውን፥ በ609 ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ፓንቴዎንንም አየን። ጕልላቱ ከዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ነው፤ በአናቱም ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍት ዓይን አለው፥ መስተዋትም የለበትም። ስለዚህ ዝናም ሲዘንም ውሃው ወደ ውስጥ ይወርድና በወለሉ ቀዳዳዎች ይፈስሳል። በ1762 ወደ ተፈጸመው ወደ ትሬቪ ፏፏቴ በደረስን ጊዜ ልጁ እንደ ሌላው መንገደኛ ጀርባውን ሰጥቶ ሳንቲም ወረወረ። ገንዘቡ እየተለቀመ ለድኆች መርጃ እንደሚውል ብነግረው፥ «ይህንንስ አላወቅሁም» ብሎ አንድ ሳንቲም ጨመረ።

ፀሐይ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ማደሪያችን ከቲቤር ወንዝ ወዲህ ነበር። እርሱ ልብሱን ለውጦ፥ ሲስቶ በሚባለው ድልድይ ተሻግሮ፥ መሸታ ቤትና ምግብ ቤት ወደ በዛበት ወደ ትራስቴቬሬ ሰፈር ይሄዳል፤ የስሙም ትርጓሜ ከቲቤር ማዶ ማለት ነው። ድልድዩን ያሠራው ፓፓ ሲስቶስ አራተኛ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጠ ነው። በዚያም የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ኖረው፥ ከ1548 እስከ 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ቋንቋ በሮማ አሳትመዋል። እኔም በመስኮት ሆኜ፥ «ለአባቶቻችን ማረፊያ የሰጠ ሰው ባሠራው ድልድይ የእኛ ልጅ ወደ መሸታ ይሻገራል» እያልሁ እተክዝ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲመለስ፥ መዝሙረ ዳዊቴን ይዤ ተቀምጬ አገኘኝ። «ልጄ፥ ውቅያኖስ አቋርጠህ የመጣኸው ለዚህ ነውን? አያትህ ቢያይህ ምን ይል ነበር?» አልሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፥ «አያቴን አላውቃቸውም፤ ስለ እርሳቸው የነገረኝ ሰው የለም» ብሎ መለሰልኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ወቀሳው ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። አባቱን የስደት ኑሮ ፋታ ነሥቶታል፤ እኔ ግን ጊዜ ሳለኝ አልነገርሁትም። ልጁም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «አጎቴ፥ ነገ አብረን እንሂድና አይተው ይፍረዱ» አለኝ።

በማግሥቱ ምሽት ድልድዩን አብረን ተሻግረን ወደ ቅድስት ማርያም አደባባይ ደረስን። በአደባባዩ መካከል ምንጭ አለ፤ በደረጃዎቹም ላይ የብዙ አገር ወጣቶች ተቀምጠዋል። አንዱ ጊታር ይመታል፥ ሌላው የወይን ብርጭቆ ይዟል፥ ሌላውም ቁራሽ ፒሳ ይበላል። ከእነርሱም ጎን የሰፈሩ ሽማግሌዎች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ያወጋሉ። እኔ በመስኮት ሆኜ ያሰብሁት ስካርና ጠብ ነበር፤ ያየሁት ግን ከጠጪው ይልቅ ተጫዋቹ የበዛበት ጉባኤ ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፍቶ ሰው ሲገባ አየሁ። በ1968 በሮማ የተመሠረተው የቅዱስ ኤጂድዮ ማኅበር ምእመናን በዚያ የማታ ጸሎት ያደርሳሉ። የሃይማኖት ልዩነት እንዳለን ሳልረሳ፥ ከበሩ አጠገብ ቆምሁ። በመቅደሱ ግንብ ላይ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት በተሠራው የጠጠር ሥዕል፥ ጌታችን እመቤታችንን ከእርሱ ጋር በአንድ ዙፋን ላይ አስቀምጦ ቀኝ እጁን በትከሻዋ ላይ አሳርፎ ይታያል። የዜማውን ቃል አላወቅሁትም፤ ነገር ግን በመካከሉ ኪርያላይሶን ሲሉ ሰማሁና፥ ከንፈሬ ሳላዝዘው አብሮ መለሰ። ከውጭ የጊታሩ ድምፅ በስሱ ይሰማ ነበር፤ አንዱም ሌላውን አላወከውም።

ስወጣ የወንድሜ ልጅ ወንበር ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። አብረውት የነበሩት ወጣቶች ሽማግሌ መሆኔን አይተው ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ። እርሱም እንዲህ አለኝ፦ «እውነቱን ልንገርዎ፥ በመጀመሪያው ሌሊት አብዝቼ ጠጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የማመሸው ለመጠጡ አይደለም። በአሜሪካ ከሥራ ወደ ቤቴ በመኪና እገባለሁ፥ በሬን ዘግቼ ብቻዬን እበላለሁ፥ የጎረቤቴንም ስም አላውቅም። እዚህ ሰው ከደጅ ተቀምጦ ሳይቸኩል ይጫወታል። አባቴ ስለ አገር ቤት ሲያወጋኝ የሚነግረኝ ይህን ይመስላል።» እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ። ስንመለስ በድልድዩ ላይ የሚንገዳገዱ ሰካራሞች አይተናልና፥ የሮማን ሌሊት ሁሉ አላመሰግንም። ነገር ግን የልጄን ሌሊት በሰዓት ቈጥሬ እንደ ፈረድሁበት ዐወቅሁ።

ሲነጋ፥ «ዛሬ መሪው እኔ ነኝ» አልሁትና ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወሰድሁት። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት የቆመው በዚህ ነበር። በፊቱ ያለው ሕንፃ ለኢጣልያ የቅኝ አገሮች ሚኒስቴር የታሰበ ነበር፤ ከ1951 ጀምሮ ግን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ተቀምጦበታል። ኢጣልያ ሐውልቱን ልትመልስ በ1947 ቃል ገብታ፥ በ2005 በአውሮፕላን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አክሱም ገባ፤ በ2008ም በቦታው ቆመ። አባቴ ግን ይህን ሳያይ ዐረፈ። በየካቲቱ ፍጅት ያየውንና ለእኛ የነገረንን ሁሉ በዚያ ቆሜ ለልጁ ነገርሁት።

እርሱም በአደባባዩ ላይ ያሉትን ሁለት ጥንታውያን ዓምዶች እያየ፥ «እነዚህስ ምንድር ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። በመስከረም 2001 በአሜሪካ በአንድ ቀን ለተገደሉት መታሰቢያ ሆነው በ2009 የተተከሉ ናቸው። ያች ዕለት በእኛ ዘንድ የዘመን መለወጫ በዓል ነበረች። የአያቱ አገር ሐዘን በነበረበት ስፍራ፥ የትውልድ አገሩ ሐዘን ቆሞ አገኘው። ብዙ ዝም አለ። በኋላም፥ «ይህ ቦታ በዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም» አለኝ። በአሜሪካ የቤተ ሰብ ስም አድርጎ በየወረቀቱ የሚጽፈው የአያቱን ስም ነው፤ የስሙን ባለቤት ግን ያወቀው በዚያች ጧት ነው።

እንግዲህ እኛ ሽማግሌዎች፥ ልጆቻችን ታሪካቸውን አያውቁም እያልን ስናማ፥ ማን ሊነግራቸው እንደሚገባ አንርሳ። ልጆቹም ወዴት እንደሚያመሹ ስንጠይቅ፥ በመስኮት ከመመልከት ይልቅ ወርደን አብረናቸው ጥቂት ብንቀመጥ ይሻላል። በዚያች ምሽት የሲስቶን ድልድይ ዳግመኛ አብረን ተሻገርን። ከምንጩ ደረጃ ላይ ተቀምጠንም፥ ስለ አያቱ ሲጠይቀኝና ስመልስለት የጸሎቱ ሰዓት ደረሰ፤ እኔም ስነሣ እርሱ ተከትሎኝ ገባ።