ያልጎደለ መጽሐፍ

የልጆች ክፍል ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ በቆጠራ አንድም መጽሐፍ ጎድሎብኝ አያውቅም። በየሰኔው የንብረት ክፍል ሰዎች መዝገባቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እነሱ ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ መጽሐፍ አነሣለሁ፣ ማታ ላይ ተፈራርመን እንለያያለን። ሌላው ክፍል ጉድለት ሲገኝበት ስብሰባ ላይ «ከልጆች ክፍል ተማሩ» ይባል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ያ ምስጋና እየከበደኝ መጥቷል። የልጆች መጽሐፍ ካልተቀደደ፣ ገጹ ላይ ወጥ ካልፈሰሰ፣ ከአሥሩ አንዱ እንኳ ጠፍቶ ካልቀረ ልጅ አልነካውም ማለት ነው። እንዳይነካው ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምናዘዘው የራሴን እንጂ የቤቱን አይደለም። (ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። በሕፃን ስም በሚጠራ ሰፈር ተቀምጬ ሕፃናትን ደጅ ሳስጠና መኖሬን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።) የሚመጡልን ልጆች አብዛኞቹ የካዛንቺስ ነበሩ፤ ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ በአንድ ግቢ ሰባትና ስምንት ቤተሰብ ሆነው ከሚኖሩባቸው የቀበሌ ቤቶች። እናቶቻቸው ጉልት የሚቸረችሩ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ሌሊት መሸታ ቤት ሠርተው ቀን የሚተኙ። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ቤት ውስጥ ከዋለ እናቱ አትተኛም፤ ስለዚህ «ሂድ፣ ላይብረሪ ዋል» ትለዋለች። ከዚህ የተሻለ የቤተ መጻሕፍት ደንበኛ ከየት ይመጣል?

እኔ ግን ሁለት ሕግ ነበረኝ።

አንደኛው ዋስ ነው። በእርዳታ የመጡትን ሥዕላዊ መጻሕፍት በሞዴል 22 ፈርሜ ስለተረከብኳቸው መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ቆልፌባቸው ነበር። ልጅ መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ የወላጅ መታወቂያና ዋስ ያስፈልገዋል። ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ እዚያው ለማንበብ እንኳ ወላጅ መጥቶ መፈረም አለበት። ከክፍለ ሀገር መጥታ በሰው ቤት ተጠግታ የምትኖር ሴት የቀበሌ መታወቂያ ከየት ታምጣ? ይህን አላውቅም ነበር አልልም። አውቅ ነበር። «መመሪያ ነው» ማለት ግን ይቀልል ነበር።

አንዲት ልጅ እየመጣች መስተዋቱ ላይ ተለጥፋ የመጻሕፍቱን ሽፋን ታይ ነበር። «እናትሽን አምጪ» ብያት ለተወሰነ ጊዜ ጠፋች። ከዚያ እናቷን ሳይሆን የግቢያቸውን እንጀራ ሻጭ ይዛ መጣች። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መታወቂያቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ጊዜው አልፎበታል። ገልብጬ አይቼ፣ «ይሄ አይሠራም እማማ፣ ያሳድሱትና ይምጡ» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ ለሰፈሩ ሁሉ እንጀራ በዱቤ እሰጣለሁ። እስካሁን ዋስ ያመጣልኝ የለም።»

ሳቅ አልኩ። እንደ ጨዋታ ነው የሰማሁት። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መታወቂያቸውን መልሰው ቋጠሩና ልጅቷን እጇን ይዘው ወጡ። ሁለቱንም ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ሁለተኛው ሕጌ ዝምታ ነው። ይህን ያመጣሁት ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ከወመዘክር ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ተማሪና ተመራማሪ ባስተናገደው በዚያ ቤት አዳራሽ ነው ወንበር ይዤ ማትሪክ ያጠናሁት። እዚያ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ ይሳቀቃል፤ ደግሞም ልክ ነው። እኔ ያንኑ ሕግ የስድስት ዓመት ልጅ ላይ ጫንኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የተረት ሰዓት ተብሎ በሪፖርት የሚቀርብ ዝግጅት ነበረን፤ ልጆቹን በሰልፍ አስገብቼ፣ እጃቸውን አጣጥፈው አስቀምጬ፣ ከመጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ብለው ቤቱን ሲያናጉት «ዝም! ላይብረሪ ነው!» እላለሁ። አያቴ እሳት ዳር ሲያወሩልን እኛ ካልመለስንላቸው ተረቱን አይቀጥሉም ነበር። ያንን እያወቅኩ ነው እንግዲህ። ወላጆችን ደግሞ በር ላይ አስቀራቸው ነበር፤ ቦታ ይጠባል ብዬ። አንዳንዶቹ ፊደል የማይለዩ እናቶች ነበሩ። ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሥዕል ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም ነበር።

ሌላ መንገድ ስለመኖሩ ያልሰማሁ መስዬ ማለፍ አልችልም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈተው በ1995 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ማጣቱ ቆጭቶት፣ ራሱ ጽፎ፣ ሺህ በሺህ መጽሐፍ ጭኖ የመጣ ሰው ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሄዳ አይታ መጥታ እንደ ጉድ አወራችልኝ። «ዳያስፖራ ነዋ» አልኳት፣ «ቢቀደድበት ሌላ ያስመጣል፤ እኔ ከደመወዜ ነው የሚቆረጥብኝ።» በኋላ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች እየዞረ ነው ሲባል ደግሞ ሳቅኩ። ያንን ሳቄን አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ አህያዋ ልጆቹ ወዳሉበት ትሄድ ነበር፣ የኔ ቁም ሣጥን ቁልፍ ግን ከኪሴ አይወጣም ነበር። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት፣ ለልጆችም ክፍል አለው ሲሉኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን ፈርሞ ተረከበው?» የሚል ነበር።

አን ካሮል ሙር ስለምትባል አሜሪካዊት ያነበብኩት ሥራው ሊያልቅብኝ ሲል ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች አገልግሎት ኃላፊ ስትሆን «ጸጥታ» የሚሉትን ሰሌዳዎች አስነሣች። ልጅ መጽሐፍ መውሰድ ሲፈልግ ደግሞ ራሱ ስሙን ትልቅ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ በደንብ እይዘዋለሁ ብሎ ቃል ይገባል፣ ይወስዳል። ዋሱ ስሙን መጻፍ መቻሉ ነው። የኒው ዮርክ ልጆችም ያኔ የሀብታም ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ቋንቋውን ገና የሚለምዱ የስደተኛ ልጆች ሞልተውባት ነበር። ይህን ሳነብ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ስሟን መጻፍ ትችል ነበር። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ሄጄ ልፈልጋት አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ፤ ነገ ዛሬ ስል በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት መፍረስ ጀመረ። እማማ ይኖሩበት የነበረውን ግቢ አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ፈልጌ ደረስኩ። የቆርቆሮና የጭቃ ክምር ነው። ሰዉ ገላን ጉራ ተወስዷል አሉኝ፤ ሌላ ቦታም የሄደ አለ። እንጀራ ሻጯን የሚያውቅ አንድ ጎረምሳ አገኘሁ፤ ወዴት እንደሄዱ ግን አያውቅም።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ቢሮዬ መጣች። ጭነት መኪናው በር ላይ እየጠበቃት ነው፤ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከፌስታል ውስጥ አንድ የልጆች መጽሐፍ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ልጇ ከብዙ ጊዜ በፊት የወሰደው ነው፤ በየጊዜው እያሳደሰ አቆይቶታል። ዋስ የሆናት ሰው በሷ ምክንያት እንዳይጠየቅ ብላ ነው ቤቷ እየፈረሰ የመጣችው። መጽሐፉን ገለጥኩት። ጥርዙ ለቋል፤ ሁለት ገጽ ላይ ቅባት ጠጥቷል፤ አንበሳው በቀይ እርሳስ መነጽር ተደርጎለታል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ቅባቱ ላይ ነው። «ይሄ እኮ ተበላሽቷል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ ግን ቀደመችኝ፦ «ጋሼ፣ ሌሊት ሌሊት ለእህቱ ሲያነብላት ነው እንዲህ የሆነው፤ ይቅርታ፤ ስንት ልክፈል?»

አላስከፈልኳትም። የዋሱን ወረቀት ሰጥቼ ሸኘኋት። መጽሐፉን ለልጁ መልሰሽ ውሰጂለት ማለት እንደነበረብኝ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው የታሰበኝ።

በማግስቱ ያን መጽሐፍ ይዤ ንብረት ክፍል ገባሁ። ከደመወዜ ይቆረጥ ልል ነው የሄድኩት። ኃላፊው አገላብጦ አየውና አንድ ቅጽ ከመሳቢያው አወጣ። በአገልግሎት ብዛት የተበላሸ መጽሐፍ በኮሚቴ ታይቶ ከመዝገብ ይወጣል፤ ማንም አይከፍልበትም።

«ይሄ ቅጽ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» አልኩት።

«እኔ ስቀጠርም ነበረ» አለኝ። «ከእናንተ ክፍል የጠየቀን ግን የለም።»