ጆሮ የሚመራው መንገድ

የጉብኝት መንገድ ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ይታያል?» ነው። ከደቡብ ጎንደሯ መካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ወደ ቆማ ፋሲለደስ፣ ከዚያም ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም ለሚዘልቅ ሰው ግን የሚበልጠው የሚሰማው ነው። ሁለቱም ደብሮች የድጓ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኗ የዜማ መጽሐፍ፣ የአዜማም ስልት በስማቸው የተጠራላቸው ናቸው። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ መምህርነት የሚጸድቅባት ደብር ናት። የዚህ አገር ትልቁ ቅርስ በሰው ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል።

*

ማየት የተሳነው ሰው በዚህ መንገድ እንግዳ አይሆንም። የአብነት ትምህርት አብዛኛው በቃል የሚያዝ ስለሆነ ዓይናቸው የማያይ መምህራን ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል፤ ተማሪው ያዜማል፣ የኔታ ያዳምጣሉ፣ የሳተውን ያቃናሉ። መንገዱን የሚነድፈው ባለሙያ እንግዲህ ከነዚህ ሊቃውንት ዘንድ ቀርቦ ይጠይቅ። ማሕሌቱ ከየትኛው ጥግ ጠርቶ እንደሚሰማ፣ እግር የት ላይ እንደሚሰናከል ከእነርሱ የተሻለ የሚነግረው የለም።

*

መስማት ለተሳነውስ? ድጓ ምልክት አለው። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገረው ይህ ምልክት ከፊደሉ በላይ በደቃቁ ይጻፋል፤ ድምፁ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ይጠቁማል። አንድ ገጽ በጉልህ ተገልብጦ በሰሌዳ ቢቆም፣ የመቋሚያው እንቅስቃሴ በጎኑ ቢሣል፣ በምልክት ቋንቋ የሚያስረዳ አስጎብኚም ቢኖር ዜማው በዓይን ይገባል። ደብሩ ከፈቀደም ከበሮው ሲመታ እጅን አስጠግቶ ንዝረቱን መስማት ይቻላል።

*

የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለበት አገር መንገዱን ሁሉ ለተሽከርካሪ ወንበር እናመቻቻለን ማለት ሰውን ማታለል ነው። አጭር፣ የተደለደለና በእውነት የሚያስኬድ መንገድ ይሻላል። የዳገቱ መጠን፣ የመንገዱ ስፋትና የማረፊያዎቹ ርቀት መነሻው ላይ ይጻፍ፤ ሰው አቅሙን አይቶ ይወስን። ለቀረው በቅሎ አለ። አዛውንት በበቅሎ ደብር ሲሳለሙ ኖረዋል።

*

ጫማ በሚወለቅበት ቅጽር ውስጥ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ምን ይባላል? ክራንቹስ? የሕንፃ ሕጉ በወንበር የሚሄድ ሰው ወደ ሕንፃ ስለሚገባበት መንገድ ይናገራል፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላቸው ግን የደብሩ አስተዳዳሪና ካህናቱ ናቸው። ገና በንድፉ ካልተነሣ በበዓል ቀን በር ላይ ይነሣል፤ ያኔ በሕዝብ ፊት የሚሸማቀቀው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

*

የቆሎ ተማሪው ጎጆ መኖሪያው ነው። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከደጅ ደጅ የሚዞር ልጅ ለካሜራ አልተቀመጠም። እንግዳ የሚገባበትን ሰዓት ጉባኤ ቤቱ ይወስን፣ ከሚገኘው ገቢም ድርሻው አስቀድሞ ይታወቅ። በአጎራባቹ መቄት ወረዳ ከ20 ዓመት በፊት ጀምሮ ገበሬዎቹ ራሳቸው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆ ሠርተው እግረኛ ተጓዦችን ሲቀበሉ ቆይተዋል። ልምዱ ቅርብ ነው፣ ሄዶ መጠየቅ ነው።

*

በጋይንት በኩል ለጎማ የሚሆን መንገድ ከተጠረገ ቆይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ አስጎትተው ነው። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ዳገቱን እያለዘበ ወራት ፈጀ። መድፉ ያለፈበትን የዳገት ልክ መሐንዲሶች ዛሬ ቢለኩት ለወንበር ጎማ የሚሆነውን ክፍል መለየት ይቀላቸዋል።

በዚያ መንገድ የሚቆመው ሰሌዳ ግን የመድፉን ግዝፈት ነግሮ ዝም ማለት የለበትም። ንጉሡ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋል፤ የበጌምድር ገበሬም እህሉንና ከብቱን ተዘርፏል። የጀግናው ወዳጆች ይህን መስማት ይከብዳቸው ይሆናል፤ እኔም ቴዎድሮስን እወዳለሁ። ቢሆንም ከአያት የተሰማው ይቀዳ፤ በአገሬው ሽማግሌና ባልቴት አንደበት፣ በራሳቸው አነጋገር፣ እዚያው መንገዱ ላይ ይሰማ።