«ሳይነጋገሩ አያፈርሱም» ብዬ ነበር

ይህን የምጽፈው አንዲት የኮምቦልቻ ሴት በሰው ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

በ2021 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ የጅዳ አሮጌ ሰፈሮች ሊፈርሱ ነው ሲባል፣ እሷ እዚያው በተከራየቻት አንዲት ክፍል እንጀራ እየጋገረች ለአገር ልጅ ትሸጥ ነበር። እኔ መካ፣ ኩዳይ ነበርኩ። ዐረብኛ ስለማነብ ወረቀት የመጣበት ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። እሷም ደወለች።

«ወንድምዓለም፣ ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ጽፈዋል፤ ፎቶውን ልኬልሃለሁ። አከራዬ ደግሞ የስድስት ወር ኪራይ አሁኑኑ አምጪ ይላል። ልክፈል ወይስ ልውጣ?»

ጽሑፉ «ኢኽላእ» ይላል፤ ልቀቁ ነው። ከዚያ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረውም። እኔ ግን የተጻፈውን ትቼ የራሴን ግምት ነገርኳት። «ክፈይ፤ እንዲህ በቀላሉ አይነሱም» አልኳት።

ያን ያናገረኝ አንድም ከደጄ የቆመው አብራጅ ኩዳይ ነው። 12 ማማና 10,000 ክፍል ኖሮት የዓለም ትልቁ ሆቴል ይሆናል፣ በ2017 ይከፈታል የተባለለት ሕንፃ፣ በ2015 የገንዘብ ችግር ገጥሞት ሥራው ተቋረጠ። ጠዋት ማታ እሱን እያየሁ እዚህ አገር የታወጀ ሁሉ ይዘገያል ብዬ ደምድሜ ነበር። ለመገንባት ቢሊዮን ያስፈልጋል፤ ለማፍረስ ግን አንድ ኤክስካቫተር ይበቃል። ይህ አልታየኝም።

የባሰው ግን ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ሐሳብ ነው። ደሴ ሳለሁ ሰፈር ሊነካ ሲል ስብሰባ ይጠራል፤ ፕላኑ ይነበባል፣ ሽማግሌ ተነስቶ ይከራከራል፣ እናቶች ያለቅሳሉ። ውሳኔው ባይለወጥ እንኳ ሰው ይዘጋጃል። ሳዑዲም የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤቶች እንዳሏት፣ በዲሴምበር 2015 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ መርጠው እንደተመረጡ አውቅ ነበር። ስለዚህ «ምክር ቤቱ ሳይመክርበት፣ ነዋሪው ሳይጠየቅ አይፈርስም» አልኳት። የሚመርጠው ዜጋ ብቻ መሆኑንም አውቅ ነበር። እሷንም እኔንም ማንም ነዋሪ ብሎ እንደማይጠይቀን ማሰብ ነበረብኝ።

ቃሌን አምና ከፈለች። ብዙም ሳይቆይ መብራት ተቆረጠ፤ ማሽኑ ሰፈር ገባ። አከራዩ ስልኩን ዘጋ። ምጣዷንና ፍራሿን በጎረቤት ፒክአፕ አወጣች፤ በማግሥቱ ልትጋግረው ያቦካችው ሊጥ ከነበርሜሉ ቀረ።

በኋላ፣ በ2022፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የማዘጋጃ ቤቱን ሰነድ ጠቅሶ በጅዳ ከ60 በሚበልጡ ሰፈሮች ከ558,000 በላይ ነዋሪ እንደሚነካ ጻፈ። የካሳው ዕቅድ የውጭ ዜጎችን አይጨምርም ነበር። እሷም ከነዚያ አንዷ ናት፤ አምስት ሳንቲም አላገኘችም።

ኪራዩን ቀስ በቀስ ከፍዬላታለሁ። ደንበኞቿ ግን ተበትነዋል፤ እነሱን ልመልስላት አልችልም። እሷ «አላህ ያለው ነው» ትለኛለች። እኔ የአላህን ስም ለጥፋቴ መሸፈኛ አላደርገውም። ምከረኝ ስትለኝ ሳላጣራ ተናገርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጅዳም መካም ያላችሁ፣ ዐረብኛ የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ የአገራችሁ ልጅ ማስታወቂያ ሲያሳያችሁ የተጻፈውን ብቻ ንገሩት። ከዚያ በላይ ከጠየቃችሁና ካላወቃችሁ «አላውቅም» በሉት። ግድግዳው ላይ ያ ቀይ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ቅድሚያ ኪራይ እንዳይከፍል፣ ዕቃውንም በጊዜ እንዲያወጣ እርዱት።