ትንፋሽና ደንብ

ደንብ በወረቀት ላይ ተጽፎ ሳለ ሁሉም የተስማማበት ይመስላል፤ የሚፈተነው ግን የሰው ዕጣ በእርሱ ላይ የወደቀ ዕለት ነው። ይህን ከቴያትር ሥራ የተገነዘብኩት ቢሆንም፣ ጐልቶ የታየኝ ብዙዎች እንደ ልጅ መዝናኛ በሚቆጥሩት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን የፈጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ የቀረበው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ የሚናገረውንና የሚያደርገውን በቃል ይገልጻሉ፤ አጠራጣሪው ድርጊት በዳይስ ይወሰናል። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ደንቡንም ይተረጉማል። እንግዲህ መሪው ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ ዳኛም ነው ማለት ነው።

ከደንቦቹ ሁሉ እኔን የሳበኝ ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ስለ መያዝ የተጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው እትም እንደሚለው፣ የጽናት ነጥቡ 14 የሆነ ገጸ ባሕርይ የነጥቡን እጥፍ፣ ማለትም 28 ዙር ይቆያል፤ አንዱ ዙር 6 ሴኮንድ ነው። የሚዋጋ ከሆነ ግን በየዙሩ 1 ተጨማሪ ዙር ይቀነስበታልና ዕድሜው ወደ 14 ዙር ያጥራል። ይህ ደንብ የሰውን ሳንባ ያውቃል። ሆኖም እንከን አለበት፦ መስጠም የጀመረ ሰው የሕይወት ነጥቡ 0 ይሆናል ስለሚል፣ ከ0 በታች ወርዶ በሞት አፋፍ ያለን ቁስለኛ ውሃ ውስጥ መድፈቅ ነፍስ ይዘራበታል ብለው የተከራከሩ ተጫዋቾች አሉ! ቃሉ ተጠበቀ፣ ትርጉሙ ግን ሰጠመ።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ነገሩን አቅልሎ፣ ለሁሉም 1 ደቂቃ ሰጥቶ ጽናት የሚያስገኘውን ደቂቃ ይጨምርበታል። ጭማሪው 2 የሆነለት ሰው 3 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ዙር ይቆያል። ውጊያው ብዙውን ጊዜ ከዚያ አስቀድሞ ስለሚያልቅ ውሃው ማንንም አያስፈራም፤ ጥልቁ ባሕር ከመድረክ ጀርባ እንደ ተሰቀለ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

አንድ ማታ በዚሁ ደንብ ስንጫወት፣ አንዲት ወጣት ከዓመት በላይ ይዛ ያኖረችው ገጸ ባሕርይ ድልድይ ተሰብሮበት ወንዝ ገባ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ 3 ደቂቃ ይላል» አለች መሪውን።

«መጽሐፉ የሚለው ትንፋሹን ስለ ያዘ ሰው ነው፤ ያንቺ ሰው እየጮኸ ነው የወደቀው» አላት።

ጠረጴዛው ዝም አለ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። መጽሐፉ ሳይዘጋጅ ስለ ወደቀ ሰው የሚለው የለም፤ ያ ዝምታ ደግሞ የዓመት ድካም ሊያጠፋ ነው። መሪው ጥቂት አስቦ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ያላስጠነቀቅኩትን አልገድልበትም። ጩኸቱ የትንፋሹን እኵሌታ ወስዷል፤ 15 ዙር አለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ለወዳጅም ለጠላትም ይኸው ነው።»

የጥንት የመጻሕፍት መምህራን ንባቡን ሳይለቁ «አንድም» እያሉ ትርጓሜ ያክሉ ነበር። መሪው ያደረገው ይህንኑ ነው። መጽሐፉን አልቀደደም፤ ከኋላውም አልተደበቀም። ፍርዱን ፍትሐዊ ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከአደጋው አስቀድሞ መነገሩ፣ ሁሉን እኩል ማሰሩ፣ ለተጫዋቿም የመምረጫ ጊዜ መተዉ። ልጅቷ ከጥልቁ የወደቀ ጓደኛዋን ትታ ወደ ላይ መዋኘት ወይም በ15 ዙር ውስጥ እርሱን ማውጣት ነበረባት። ውሃው በዚያች ሰዓት ውሃ ሆነ፤ እኛም ሳናውቀው ትንፋሻችንን ያዝን።

በ2024 የታረመው እትም ትንፋሹ ላለቀበት በየተራው አንድ የድካም ደረጃ እየጨመረ፣ በ6ኛው ይገድላል፤ ተዋናይም አዘጋጅም የሚወዱት አካሄድ ነው። ነገር ግን የቱም እትም ቢሻሻል ጩኸቱን፣ ድንጋጤውን፣ የጓደኛን እጅ አስቀድሞ ቆጥሮ አይጨርስም። ያ ክፍተት የደንብ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የዳኛ ኅሊና የሚለካበት ስፍራ ነው። በክፍልም፣ በመድረክም፣ በሸንጎም ደንብ የሚያስፈጽም ሁሉ በእጁ የያዘው የሌላውን ትንፋሽ መሆኑን አይርሳ።